ቅቤ የማታወጣው ሹፌር

እስከ ዓምና ድረስ ጸሐይነሽ መኪናዋን ስታስነሳ ወረታ ላይ ማንም ዞር ብሎ አያይም ነበር። ይህን እንደ ቀላል ነገር የሚቆጥር ሰው ወረታን አያውቃትም። ከባሕር ዳር የመጣው፣ ወደ ጎንደር የሚያልፈው፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው ሁሉ እዚያች መገንጠያ ላይ ሲደርስ ያለውን ጉልበት ካላሳየ መኪና የያዘ አይመስለውም። ባጃጁ ይጮኻል፣ ሚኒባሱ ይፎክራል፣ ሩዝ የጫነው መኪና ጥቁር ጭሱን ለመንገደኛው አከፋፍሎ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ መሃል አንዲት ነጭ፣ ትንሽ፣ የኋላ ወንበሯ የተነቀለ አሮጌ መኪና አራት የወተት ቢዶን ተሸክማ ድምፅ ሳታሰማ ትወጣለች። አንዱ ሹፌር ከኋላዋ ክላክሱን ያንባርቃል፤ ሌላው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ተኝታ እንደሆነ ይጠይቃታል። እሷ አትመልስም። ከኋላዋ መቶ ስልሳ ሊትር ወተት አለ፤ ወተት ደግሞ ክርክር አይወድም።

«ወተት እግር» ይሏታል። ስድብም ምርቃትም ነው፤ እንደ ተናጋሪው ነው።

የተወለደችው ቁሐር ሚካኤል ነው፤ ክረምት ሲገባ ግማሹ ሜዳ ውሃ፣ ግማሹ ሩዝ የሚሆንበት አገር። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለች ወተት በጀርባዋ አዝላ ወረታ ድረስ በእግሯ ትሄድ ነበር። ረግረግ ላይ የቸኮለ እንደሚወድቅ፣ የወደቀም ወተቱን ለእንቁራሪት እንደሚገብር ያኔ ነው የተማረችው። ኋላ ባጃጅ መጣና እግሯ ዐረፈ፤ ወተቱ ግን አላረፈም።

ወተቱን የምትረከባት መዲና ነበረች። መዲና መስጊዱ አጠገብ የወተትና የሻይ ቤት የነበራት፣ ምላሷ ከምላጭ የሰላ፣ ልቧ ግን የለሰለሰ ሴት ናት። ወተት ስትረከብ ሚዛንም ዋጋም አታስቀድምም፤ ክዳኑን ከፍታ፣ ጎንበስ ብላ፣ ላዩን ነው የምታየው። አንድ ቀን የባጃጁ ሹፌር ከጓደኛው ጋር ሲሽቀዳደም ያመጣውን ጀሪካን ከፈተች። ከጠዋት ጀምሮ ሲናጥ የመጣው ወተት የቅቤ ፍሬ አውጥቶ ተንሳፍፏል።

«እኔ ያዘዝሁሽ ወተት ነበር» አለቻት። «ይኸን ለጠጉሬ ላድርገው?»

ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ጸሐይነሽ ያን ቀን ያፈረችውን ያህል አፍራ አታውቅም። ወተቱን ራሷ ካልነዳችው ዕድሜዋን በሙሉ የሰው እግር ባሪያ ሆና እንደምትኖር ገባት። ዕቁብ ገባች፤ የዕቁቡ ዳኛ ያችው መዲና ነበረች። ዕጣው ሲወጣላት ባሕር ዳር ሄዳ መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ ባለ አንድ ሺህ ሲሲዋን መኪናም ገዛች። ባሏ የሩዝ ገበሬ ነው፤ መኪናዋን ግቢ ስታስገባ አይቶ «ይችማ ከበቅሎዬ አትበልጥም» ብሎ ሳቀ። አሁንም ይስቃል፤ ግን መኪናዋን እያጠበ ነው የሚስቀው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የምታስበው ስለ ወተቱ ብቻ ነበር። ስትነሳ ነዳጅ መስጫውን ነካ ብቻ ታደርገዋለች። ሞተሩ መጮህ ሳይጀምር ማርሽ ትጨምራለች። ላም ከሩቅ ስታይ እግሯን ያኔውኑ ታነሳለች፤ የፎገራ ላም ክላክስ አትፈራምና፤ አስፋልቱን የአባቷ ርስት አድርጋ ነው የምትሻገረው። ሌላው ሹፌር እስከ ላሟ ጭራ ድረስ ይበርርና ፍሬን ይይዛል። ላሟ ስታልፍ ደግሞ ከቆመበት ተነስቶ እንደገና ይረግጣል፤ የቅድሙ ቤንዚን በከንቱ ፍሬኑ ላይ ቀረ ማለት ነው። ጸሐይነሽ እዚያ እስክትደርስ ላሟ አልፋለች፤ መኪናዋም ጭራሽ አልቆመችም።

ወሩ ሲያልቅ አንድ ነገር ገረማት። ልክ እንደሷ ያለ መኪና የያዘው ጎረቤቷ በየሦስት ቀኑ ማደያ ሲሰለፍ፣ እሷ የምትሄደው በየአምስት ቀኑ ነው። ለካ ወተቱን ከመናጥ ያዳነው እግር ቤንዚኑንም አድኖላት ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ኩራት ቢጤ ገባት። ኩራቷ ግን አቅጣጫውን ስቶ ነበር፤ ምስጋናውን ለእግሯ መስጠት ሲገባት ለመኪናዋ ሰጠችው። «ትንሽ ሞተር፣ ትንሽ ሆድ» ትላለች። ትልቅ መኪና ባየች ቁጥር፣ በተለይ ባለቤቱ ማደያ ተሰልፎ ካገኘችው፣ ከንፈሯን ትመጥጣለች። አባባሏ ቁሐር ሚካኤል ላይ እንደ ተረት ተያዘ። ዞሮ የመጣባትም ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ወረታ ላይ የወተት አቅራቢው በዝቶ ገበያው ሲጠብባት መዲና ቤቷን ዘግታ፣ በባሕር ዳር መንገድ ከሐሙሲት ታጥፎ ዳገት ከሚወጣባት ከተማ ከአንበሳሜ ገባች። አንበሳሜ ደግሞ ሳይታሰብ ወተት ወዳድ ሆኖ ተገኘ። በየቀኑ አሥራ ሁለት ቢዶን ቢመጣላት ሁሉንም እንደምትረከብ፣ ጾምም ቢሆን ሙስሊም ደንበኞቿ ስላሉ ወተቱ እንደማይመለስ ላከች። የቁሐር ሚካኤል ወተት አምራቾች ማኅበር እልል አለ። የማኅበሩ ሊቀመንበር መምሬ አንለይ ናቸው፤ ላሞቻቸውን አንድ በአንድ በስም የሚጠሩ፣ መቁጠሪያቸው ከእጃቸው የማይለይ ሽማግሌ ቄስ። እሳቸው በመሩት ስብሰባ ማኅበሩ ባለ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሲሲ ፒካፕ ለአንድ ወር ሙከራ ተረከበ። ከተስማማቸው ሊገዙት፣ ካልተስማማቸው ሊመልሱት ነው። አሥራ ሁለት ቢዶን በአንድ ጊዜ ይጭናል።

ጸሐይነሽ ልቧ ወደቀ። መዲና ሄደች፣ የራሷ መኪና ከአራት ቢዶን በላይ አትችልም፣ አንበሳሜ ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ የሚደረስበት አገር አይደለም። ሠላሳ ዓመት በጀርባዋም በጎማዋም ያመላለሰችውን ወተት ከእንግዲህ ሌላ ሰው ሊያመላልሰው ነው። እንደ ምንም ደፍራ ፒካፑን ልንዳው ብላ ጠየቀች። ስብሰባው ሳቀ። ወተት እግር ያን አውሬ ልትገራው ነው ወይ ተባባሉ። ከኋላ ደግሞ አንዱ፣ ትልቅ ሞተር ትልቅ ሆድ ነው እያልሽ ስታሚው የኖርሽውን መኪና ዛሬ ምነው ወደድሽው አላት።  ቤቷ ገብታ አለቀሰች፤ ባሏም ያን ቀን አልሳቀም።

ሹፌር ሆኖ የተመረጠው በእውቀቱ ነው። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ በየአገሩ የጭነት መኪና ሲነዳ ቆይቶ ወደ እናቱ ቤት የተመለሰ መልከ መልካም ጎረምሳ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እግሩ ነው የከበደው። ፒካፑ ከመንደር ሲወጣ ዶሮ ይበተናል፣ ሕፃናት ያጨበጭባሉ፣ እሱም በመስታወቱ እያያቸው ደስ ይለዋል። መዲና ከአንበሳሜ ወተቱ ላይ ቅቤ አገኘሁ ብላ ሁለት ጊዜ ላከችበት። የመንገዱ ጥፋት ነው አለ፤ ሰውም አመነው።

ቤንዚን ያን ሰሞን በልክ ነበር የሚታደለው። ማደያው ለማኅበሩ የፈቀደው በቀን አሥራ ሁለት ሊትር ነው፤ ከወረታ ተነስቶ፣ ቁሐር ሚካኤል ወተቱን ጭኖ፣ አንበሳሜ ደርሶ ለሚመለስ። ፒካፑ ታንከሩ ሙሉ ሆኖ ስለመጣ ሁለት ሳምንት ማንም አልነቃም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ከአንበሳሜ ሲመለስ ሩዙ መሃል ቀጥ አለ። በእውቀቱ ወርዶ ኮፋኖውን ከፈተ፤ ኮፋኖው ሥር ያለው ነገር ሁሉ ደህና ነበር፤ የጠፋው ቤንዚኑ ነው። ሴቶቹ የማታውን ወተት ይዘው መረከቢያው ላይ ሲጠብቁ አመሹ፤ ወተቱም በሙቀቱ ኮመጠጠ።

መምሬ አንለይ መቁጠሪያቸውን ይዘው አሰሉት። ፒካፑ በአንድ ምልልስ አሥራ ስድስት ሊትር ይጨርሳል። የጸሐይነሽ ትንሽ መኪና አንዱን ምልልስ በአምስት ሊትር ትወጣዋለች፤ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ያንኑ አሥራ ሁለት ቢዶን ብታደርስ አሥራ አምስት መሆኑ ነው። ያ ሁሉ ፒካፕ፣ ያ ሁሉ ጩኸት፣ ከዚያች «በቅሎ» ሦስት ጉዞ አንድ ሊትር በለጠ እንጂ አላነሰም። በማግሥቱ ማኅበሩ መረከቢያው ቆርቆሮ ቤት ተሰበሰበ። ፒካፑ ይመለስ፣ ወተቱንም በራሱ መኪና እየመጣ በራሱ ዋጋ ለሚወስድ ነጋዴ እንስጠው የሚለው ሐሳብ አየለ። መምሬም አዝነው፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም የማላይ ሆነብን አሉ።

ጸሐይነሽ ከጥግ ተነሳች። 

«መምሬ፣ መኪናው ከመመለሱ በፊት አንድ ቀን ይስጡኝ» አለች። «አሥራ ሁለት ሊትር ካልበቃኝ እኔው ራሴ ነድቼ አስረክበዋለሁ፤ ሁለተኛም ስለ ወተት አላነሳም።»

በእውቀቱ ደሙ ፈላ። ጥፋቱ የእግሩ ሳይሆን የሞተሩ እንደሆነ፣ የእሷን መኪና ለእሱ ቢሰጡት እሱም ትንሽ ቤንዚን እንደሚበቃው፣ ትንሽ ሞተር ትንሽ ሆድ ያለችው ራሷ እንደሆነች ተናገረ። መምሬ አንለይ ጺማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ።

«እንግዲያው ተለዋወጡ» አሉ። «የእሷን አንተ፣ የአንተን እሷ። ወተቱንም መዲና ትየው።»

በእውቀቱ እጁን አጨበጨበ። ለጸሐይነሽ ግን ያችን መኪና ለዚያ እግር መስጠት ልጇን በማታውቀው ቤት እንደ ማሳደር ነበር። ቢሆንም ቁልፉን አውጥታ ሰጠችው።

ሐሙስ ጠዋት፣ ማደያው ለዚያ አንድ ቀን ብቻ ፈቅዶ፣ ሁለቱም መኪኖች ወረታ ላይ ታንከራቸው እስከ አፉ ተሞላ። ውሉ ግልጽ ነው፤ ሲመለሱ እዚያው መልሰው ይሞሉና የሞላው ሊትር የጨረሱት ነው። ባሏ ወደ ማደያው አብሯት መጥቶ ነበር። ጸሐይነሽ የፒካፑን መሪ በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አይቶ፣ ለእሱ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቃለት እንደማታውቅ ነገራት። በዚያ ጭንቀቷ መሃል ሳቅ አመለጣት።

ቁሐር ሚካኤል ላይ በእውቀቱ አራት ቢዶን፣ እሷ አሥራ ሁለት ጫኑ። ፒካፑን ስታስነሳው ድምፁ ደረቷ ውስጥ ገባ። እንደዚያ ያለ ጉልበት ከእግሯ ሥር ኖሮ አያውቅም፤ ፈራችው። ከመፍራቷም የተነሳ ቀስ ማለት ያድነኛል ብላ በሁለተኛ ማርሽ እየጎተተች አስፋልት ወጣች። አስፋልቱም ላይ በዚያው በሁለተኛ ቀጠለች። የአህያ ጋሪ ሊቀድማት ምንም አልቀረውም። በእውቀቱ በትንሿ መኪና እየጮኸ፣ ክላክሱን እየነፋ አለፋት፤ የገዛ መኪናዋ እንዲያ ስትጮህ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም።

ብዙም ሳትርቅ የነዳጅ ቆጣሪውን አየች። ደነገጠች። ገና የመንገዱን ሩብ ሳትጨርስ መርፌው ካሰበችው በላይ ወርዷል። ቀስ ብላ እየሄደች፣ አንዲት ላም እንኳ ሳታስደነግጥ፣ ይኸ ሁሉ ቤንዚን የት ገባ? መንገድ ዳር አቁማ ለመጸለይ ዳዳት። ከዚያ ግን ጆሮዋ ነቃ። ሞተሩ እየቃተተ ነው። በትንሿ መኪና ቢሆን ይህን ድምፅ ሳትሰማ ነበር ማርሽ የምትጨምረው፤ እዚህ ግን አውሬው እንዳያመልጣት ፈርታ በታችኛው ማርሽ አስራው፣ በከንቱ ሲሽከረከር ኖሯል።

ሦስተኛ አስገባች። ድምፁ ወረደ። አራተኛ፤ ይበልጥ ወረደ። ፍጥነቷ ስልሳ ሲደርስ አምስተኛ አስገባችና እግሯን አቀለለች፤ አሥራ ሁለት ቢዶን የጫነው መኪና ምንም እንዳልጫነ ሜዳውን ይዞላት ሄደ። ግራና ቀኝ ሩዙ አረንጓዴ ነው፣ ውሃው ላይ ነጫጭ ወፎች ቆመዋል። ዝግታና ርጋታ አንድ እንዳልሆኑ ያን ጊዜ ገባት። ዝግ ማለት የፈራ ሰው አካሄድ ነው፤ መርጋት ግን ቀስ ብሎ ተነስቶ፣ ቶሎ ወደ ላይኛው ማርሽ ወጥቶ፣ ከዚያ መኪናውን አለመነዝነዝ ነው። ደስ አላት፤ ብቻዋን ጮክ ብላ «እሰይ!» አለች።

ከሐሙሲት ወደ አንበሳሜ ታጥፎ ዳገቱ ሲጀምር ደግሞ ሌላ ነገር አየች። ትንሿ መኪናዋ እንዲህ ያለ ዳገት ላይ አራት ቢዶን ስትሸከም ትጨነቃለች፤ እሷም ጠንቅቃ ስለምታውቃት ታግዛታለች። ፒካፑ ግን ሦስት እጥፍ ጭኖ ዳገቱን በአራተኛ ወጣው። ሳታስበው በልቧ ይቅርታ ጠየቀችው። ያን ሁሉ ዓመት ሆዱን ስታማ ትከሻውን ሳታይለት ቀርታ ነበር።

አንበሳሜ ስትደርስ በእውቀቱ ከሃያ ደቂቃ በፊት ደርሶ፣ መዲና ቤት ደጃፍ ሻይ ይዞ ተቀምጧል። ከሻዩ አጠገብ አንድ ሳህን አለ፤ ሳህኑ ላይ የእንቁላል አስኳል የሚያህል ቅቤ ተቀምጧል። መዲና ከእሱ አራት ቢዶኖች ለቅማ ያወጣችው ነው፤ እሱ እያየው እንዲጠጣ ፊቱ ያስቀመጠችለትም እሷ ናት። ከዚያ የጸሐይነሽን ቢዶኖች እየዞረች አሥራ ሁለቱንም ከፈተች።  የመጨረሻውን ክዳን ስትዘጋ ጸሐይነሽን ጉንጯን ሳመቻት።

ባዶ ቢዶን ይዘው ተመለሱ። ወረታ ማደያ ላይ ግማሹ ቁሐር ሚካኤል ቆሞ ይጠብቃል። መጀመሪያ ትንሿ መኪና ተሞላች፤ ስምንት ሊትር። ቀጥሎ ፒካፑ፤ አሥር ሊትር።

በእውቀቱ እጁን ወደ ላይ አነሳ። ስምንት ከአሥር ያንሳል፤ አሸንፌያለሁ፣ ጥፋቱም የሞተሩ ነው አለ። አንዳንዱ ሊያጨበጭብለት ጀምሮ ነበር። መምሬ አንለይ መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ ወደ መሃል ገቡ።

«ልጄ፣ በአምስት ሊትር የምትሄደዋን መኪና በስምንት ነዳሃት» አሉት። «በአሥራ ስድስት የነዳኸውን መኪና ደግሞ እሷ በአሥር ነዳችው፤ ከተፈቀደልን ላይም ሁለት ሊትር ተረፈን። አራት ቢዶን በስምንት፣ አሥራ ሁለት ቢዶን በአሥር። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ ወተትና ቤንዚን ግን አይለቀሙም።»

ከዚያ ወደ ጸሐይነሽ ዞረው ምን ትያለሽ አሏት። ብትኮራ ማን ይፈርድባት ነበር? እሷ ግን ተሳስቼ ነበር አለች። ትልቅ ሞተር ባዶውንም ቢሄድ ከትንሹ የሚበልጥ ይበላል፤ ለአራት ቢዶን ፒካፕ ማስነሳት የዋህነት ነው። ለአሥራ ሁለት ቢዶን ግን ትንሿን መኪና ሦስት ጊዜ ከማመላለስ ትልቁን አንድ ጊዜ በርጋታ መንዳት ይሻላል። ሞተሩ የሚበላው እንደ ሸክሙና እንደ ሹፌሩ እግር ነው። ይህን ስትናገር ሳትደናቀፍ፣ እንደ ሰባኪ ነበር የተናገረችው።

ማኅበሩ እዚያው ማደያው ላይ ቆሞ ወሰነ፤ ፒካፑ ይገዛል፣ ሹፌሩም ጸሐይነሽ ናት። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ጸሐይነሽ ዐይኗን ጠረገችና የቤንዚኑ ሽታ ነው አለች፤ የሚያምናት ግን አልተገኘም። ሠላሳ ዓመት የኖረችበት ሥራ ሊያመልጣት ጫፍ ደርሶ ተመልሶ እጇ ገባ። ያን ዕለት ከእሷ የበለጠ ደስተኛ ሰው ፎገራ ላይ አልነበረም።

በእውቀቱ የትንሿን መኪና ቁልፍ ይዞ አጠገቧ መጣ። ፊቱ ቀልቷል።

«እቴ ጸሐይ፣ አንች ስትነሽ እግርሽን ምን ታደርጊዋለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

ከዚህ በላይ ደግ ጥያቄ ጠይቋት የሚያውቅ ሰው የለም። ከማግሥቱ ጀምሮ አጠገቧ አስቀመጠችው። ትምህርቱ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ነበር፤ ሳህኑ እስከ አፉ ወተት ይሞላና እሷ ስትነዳ እሱ ጭኑ ላይ ይይዘዋል። ጠብ ሳይል አንበሳሜ ደረሰ። ከዚያ ተቀያየሩ፤ እሱ ሲነዳ ሳህኑን የምትይዘው እሷ መሆኗ ነው። እሷ ግን ብልህ ናት፤ ሳህኑን ከእሱ ጭን አላነሳችውም። ነዳጁን ረገጥ ባደረገ ቁጥር ወተቱ ወደ ሆዱ፣ ፍሬን በያዘ ቁጥር ወደ ጉልበቱ። የመጀመሪያው ትምህርት ዓርብ ቀን ስለነበር በእውቀቱ ጾሙን ጠብቆ ሲውል ሱሪው ገደፈ። መምሬ አንለይ ይህን ሲሰሙ እስኪያነቡ ሳቁ፤ ሱሪ ንስሐ የለውም አሉ።

በአራተኛው ሳምንት ሳህኑ ሳይፈስ ቁሐር ሚካኤልን ለቆ አስፋልት ወጣ። በስድስተኛው ሳምንት፣ በአንበሳሜ የገበያ ቀን፣ በእውቀቱ አሥራ ሁለት ቢዶን ጭኖ፣ እሷን ጎኑ አስቀምጦ ነዳ። ጸሐይነሽ ሐሙሲት ሳይደርሱ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ሠላሳ ዓመት ወተት ይዛ መንገድ ላይ ስትተኛ የመጀመሪያዋ ነው። ስትነቃ መዲና በር ላይ ናቸው።

መዲና ከጓዳ ነበረች፤ የመኪናውን መምጣት እንኳ አልሰማችም። ወጥታ እንደ ልማዷ ክዳኖቹን መክፈት ጀመረች፤ ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ፣ ቀና። አሥራ ሁለተኛውን ስትዘጋ ወደ ጸሐይነሽ ዞረች።

«የአንች ወተት መቼም አይጠፋኝ» አለቻት።

 ጸሐይነሽ በአገጯ ወደ በእውቀቱ ጠቆመች፤ ቁልፉ እጁ ላይ ነው፣ ሱሪው ደግሞ ደረቅ ነው። መዲና ቁልፉን አየች፣ ሱሪውንም አየች፣ እንደገና አንዱን ቢዶን ከፍታ ወተቱን አየች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ያችኑ የቅቤዋን ሳህን አመጣችና ባዶዋን፣ ከትኩስ ሻይ ጋር፣ በእውቀቱ ፊት አስቀመጠችለት።

«እንግዲህ የጠጉሬን ቅቤ ከገበያ ልገዛ ነዋ» አለች።